ልጄን ራኒንግ ስታርት ላስገባት ወይስ ይቅርባት?

ይህን ጥያቄ ከቅዳሴ በኋላ፣ ለቅሶ ቤት፣ አንዳንዴም ሱቅ ውስጥ በርበሬ ስመርጥ እጠየቃለሁ። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ እናቶች ናቸው። "የእነ እገሌ ልጅ ሃይስኩሉንም የሁለት ዓመት ኮሌጁንም አንድ ላይ ጨረሰች አሉ። የእኔስ ከማን ታንሳለች?" ይሉኛል። መንገዱን ስለሄድኩበት፣ ወድቄም ስለተነሳሁበት አጭር መልስ የለኝም። ቆመው የሚጨርሱት ወሬም አይደለም። እስቲ ተቀምጬ ልጻፈው አልኩ።

የማወራው ስለ ዋሽንግተን ግዛት ነው፤ ሃይስኩል የተማርኩት ሲያትል አካባቢ ነው። ሌላ ቦታ ላላችሁ መጨረሻው አካባቢ ትንሽ እላለሁ።

ለማያውቀው በአጭሩ፣ ራኒንግ ስታርት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሄዶ ከትልልቆቹ ጋር አንድ ክፍል ተቀምጦ የሚማርበት ፕሮግራም ነው። የግዛቱ ምክር ቤት በ1990 ሕግ አውጥቶለታል። የትምህርቱን ክፍያ ቤተሰብ አይከፍልም። ልጁ የሚያገኘው ክሬዲት ለሃይስኩሉም ለኮሌጁም ይቆጠርለታል። በሁለቱ ዓመት 90 ክሬዲት የሞላና የሚፈለጉትን ክላሶች ያሟላ ልጅ ሃይስኩሉን ሲጨርስ አሶሲየት የሚባለውን የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪም ይይዛል። ፎቶው ፌስቡክ ላይ የሚወጣው የእሱ ነው። መጽሐፍ፣ አንዳንድ የኮሌጅ ክፍያዎችና መመላለሻው ግን በራስ ነው። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች አንዳንዱ ክፍያ ይቀርላቸዋል። መጽሐፍ የሚያውሱ ኮሌጆችም አሉ። ታዲያ ይህን ካልጠየቃችሁ ማንም መጥቶ አይነግራችሁም።

እኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁት 9ኛ ክፍል ልገባ ስል ነው። አባዬ ከአየር ማረፊያ ሰው ያመላልሳል። እማዬ አደልት ፋሚሊ ሆም በሚባል የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። 10ኛ ክፍል ልጨርስ ስል ካውንስለሬ፣ የሃይስኩሉ የተማሪዎች አማካሪ፣ ስለ ፕሮግራሙ የሚያስረዳ ወረቀት ሰጠችኝ። እማዬ ወረቀቱን እንኳ አላየችውም። "ነፃ ነው?" አለች። "ትምህርቱ ነፃ ነው" አልኳት። ነገሩ እዚያው አለቀ። አባዬ ብቻ "እንግሊዝኛዋ ገና አልጠናም እኮ" ብሎ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም።

የተወያየነው ስለ ዋጋው ብቻ ነው። "ምን መማር ትፈልጊያለሽ? የምትወስጂው ክላስ ለዚያ ይቆጠራል ወይ? ቢበላሽስ ምን ይመጣል?" ያለ ሰው አልነበረም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ከእነዚህ ጥያቄዎች አይወጣም።

የመጀመሪያውን ኳርተር ሁለት ክላስ ያዝኩ፤ እንግሊዝኛ 101 እና ኬሚስትሪ። ጠዋት ኮሌጅ፣ ከሰዓት ሃይስኩል፣ መሀል ላይ አውቶቡስ። ሰው ሁሉ የፈራልኝ እንግሊዝኛውን ነበር። ኬሚስትሪ ከአዲስ አበባ ጀምሮ የምወደው ትምህርት ስለሆነ እዳው ገብስ ነው ተባለ። የሆነው ተገላቢጦሹ ነው።

እንግሊዝኛውን ስለፈራሁት ተጠነቀቅኩለት። ኮሌጁ ውስጥ ጽሑፍ የሚያግዙ ሰዎች የሚቀመጡበት ክፍል አለ፤ በነፃ ነው። እያንዳንዱን ጽሑፍ ከማስረከቤ በፊት እዚያ ይዤ እሄድ ነበር። አንዷ አጋዥ አረፍተ ነገሬን ጮክ ብዬ እንዳነበው ታደርገኝና "አሁን አንቺስ ምን ለማለት ፈልገሽ ነው?" ትለኛለች። ስነግራት "እንግዲህ እሱን ጻፊው" ትለኛለች። በዚህ መልክ አለፍኩት።

ኬሚስትሪው ግን ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ እየተበላሸ ነበር። ነገሩ የጀመረው በኮድ ነው። የቤት ሥራው የሚሠራው ኢንተርኔት ላይ ሲሆን ለመግባት ኮድ መግዛት ያስፈልጋል። ዋጋው ከ100 ዶላር በላይ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሙከራ በነፃ ያስገባል። ቤት ውስጥ "የቤት ኪራዩ ይለፍና ይገዛል" ተባለ። ከዚያ አንድ ማታ ልሠራ ስከፍተው ገጹ ክፍያ ጠየቀኝ። ኮዱ እስኪገዛ ድረስ የሁለት ምዕራፍ የቤት ሥራ ቀኑ አለፈ። ዜሮ፣ ዜሮ። ፕሮፌሰሩን ሄጄ ባናግረው ምናልባት ይከፍትልኝ ነበር። ግን አገር ቤት መምህር ቢሮ የሚኬደው ጥፋተኛ ሆኖ ሲጠሩ ነው። ኦፊስ አወር የሚባለው የከበደው ተማሪ ሄዶ የሚጠይቅበት ሰዓት መሆኑንም የነገረኝ አልነበረም።

በዚያ ላይ ፍጥነቱ አለ። ኳርተር ከነፈተናው 11 ሳምንት ገደማ ነው። ሃይስኩል ውስጥ አንድ ምዕራፍ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ኮሌጅ አንድ ሳምንት አይሞላውም። የላብ ሪፖርቱም ሌላ ሥራ ነው። ለአንድ ክሬዲት ከክፍል ውጭ በሳምንት ሁለት ሰዓት ጥናት ያስፈልጋል ይባላል። 5 ክሬዲት ያለው አንድ ክላስ እንግዲህ በሳምንት 10 ሰዓት ጥናት ይፈልጋል፤ ክፍል ውስጥ የሚቀመጡት ሳይቆጠር። ሦስት እንዲህ ያለ ክላስ የያዘ ልጅ ሙሉ ቀን ከሚሠራ ሰው ያላነሰ ሥራ ይዟል። ታናናሾቹን የሚጠብቅ፣ ቅዳሜና እሁድ የሚሠራ ልጅ ከሆነ እናንተው ደምሩት።

ወላጆች በደንብ እንዲያውቁልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ሃይስኩል ውስጥ ልጅ አንድ ክላስ ከቀረ ያንኑ ቀን ስልክ ይደወላል ወይም መልእክት ይላካል። ኮሌጅ አይደውልም። እናንተ ብትደውሉም አብዛኛውን ጊዜ አይነግራችሁም። ፈርፓ የሚባለው የፌደራል ሕግ ልጁ ኮሌጅ ከገባ፣ 18 ዓመት ባይሞላውም እንኳ፣ በኮሌጅ መዝገቡ ላይ ያለውን መብት ለልጁ ነው የሚሰጠው። እማዬ ስልክ ስላልተደወለላት ልጄ ደህና ናት ብላ ተቀምጣለች። ሌሊት ሠርታ የምትመጣ እናት ናት። እኔም "ትንሽ ከብዶኛል" ከማለት አላልፍም ነበር።

በየኳርተሩ ክላስ ጥሎ የመውጫ ቀነ ገደብ አለ። መጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ከወጡ ትራንስክሪፕት ላይ ምንም ምልክት አይቀርም። ከዚያ በኋላ ግን ከገደቡ በፊት ከወጡ ደብሊው ይጻፋል። ደብሊው ውጤት አይደለም፤ ጂፒኤ አይነካም። ገደቡ ካለፈ ግን የመጣው ውጤት የእናንተ ነው። እኔ ቀኑ ሲያልፍ አላወቅኩም። ዲሴምበር ላይ ውጤት ወጣ። እንግሊዝኛ 3.4፣ ኬሚስትሪ 0.8።

0.8 ክፉ ቦታ ነው። ክሬዲቱን ይሰጣል። ቀጣዩን ኬሚስትሪ ግን አያስወስድም። እኔ ትልቁ ችግር ይሄ መስሎኝ ነበር። ጃንዋሪ ላይ የሃይስኩል ካውንስለሬ ጠርታ ወረቀት ላይ አስልታ አሳየችኝ። ኮሌጅ 5 ክሬዲት የሚሰጥ አንድ ክላስ ሃይስኩል ላይ 1 ሙሉ ክሬዲት ነው። ሃይስኩል ውስጥ 1 ክሬዲት የሚገኘው ዓመቱን ሙሉ ተምሮ ነው። ስለዚህ የ11 ሳምንቷ 0.8 በሃይስኩል ጂፒኤዬ ላይ የአንድ ሙሉ ዓመት ትምህርት ያህል ትከብዳለች። ይህ ሒሳብ ለጎበዝ ሲሆን ግሩም ነው፤ 4.0 ያመጣ ልጅም የዓመት ያህል ይሸለማል። መጀመሪያ የተሰጠኝ ወረቀት ላይ የተጻፈው ግን የጎበዙ ወገን ብቻ ነበር።

ካውንስለሬ ከፕሮግራሙ ውጪ አላለችኝም። ዊንተር ላይ ሃይስኩል ተመልሼ አንድ የኮሌጅ ክላስ ብቻ እንድይዝ፣ ስፕሪንግ ላይ ኬሚስትሪውን እንድደግም ተስማማን። ስደግመው ኮዱን የገዛሁት የመጀመሪያው ቀን ነው። ማታ ማታ የሚያስጠኑበት ክፍል ወንበሬ የታወቀ ሆኖ ነበር። ፕሮፌሰሩ ቢሮም ሄድኩ። ጥያቄዬን በወረቀት ጽፌ ነው የገባሁት፤ አፌ እንዳይያዝ። ሰውዬው ወንበር ስቦ፣ "ማነው የላከሽ?" ሳይል፣ ነጩ ሰሌዳ ላይ ይሠራልኝ ጀመር። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እመላለስ ነበር። 3.3 መጣ።

ኮሌጁ ጂፒኤ ሲያሰላ የተሻለውን ወሰደልኝ። 0.8ቷ ግን ከትራንስክሪፕቱ አትጠፋም። ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

12ኛ ክፍል ሌላ ዓይነት ችግር መጣ። አሁን ውጤቴ ጥሩ ነው፤ ስለዚህ ክሬዲት መሰብሰብ ገባሁ። ሳይኮሎጂ፣ ሶሲዮሎጂ፣ ስለ ምግብ የሚያስተምር፣ ስለ ፊልም የሚያስተምር። የምመርጠው ከአውቶቡሱ ሰዓት ጋር የሚስማማውን ነበር። ቤት ውስጥ ድምሩ እየታየ ደስታ ነው። ፋርማሲ መማር እንደምፈልግ ያኔ አውቄዋለሁ፤ ክላሶቹ ከፋርማሲ ጋር ምን እንደሚያገናኛቸው ግን አልጠየቅኩም፣ የጠየቀኝም የለም።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ አማካሪው ክሬዲቶቼን አንድ በአንድ እያየ መደባቸው። ብዙዎቹ ኤሌክቲቭ፣ ማለትም በምርጫ የሚወሰዱ ክላሶች፣ ሆኑ። ተቀባይነት አግኝተዋል፣ ተቆጥረዋል፤ መንገዴን ግን አላሳጠሩልኝም። ኬሚስትሪ ተከታታይ ነው። አጠቃላዩ ሳያልቅ ኦርጋኒኩ አይጀመርም። ባዮሎጂውም እንዲሁ። እነዚያን ተራ በተራ ለመጨረስ የፈጀብኝ ጊዜ ባዶ እጁን ከመጣው ጓደኛዬ ብዙም አልተለየም። ኮምፒውተር፣ ኢንጂነሪንግ፣ ነርሲንግ ያሰቡም እንዲህ ነው የሚገጥማቸው። ቢዝነስ ወይም ሶሻል ሳይንስ ለሚማር ግን ያው ክሬዲት እውነትም ጊዜ ይቆጥባል። አንዱን ልጅ የጠቀመው ሌላውን የማይጠቅመው ለዚህ ነው።

ብዙ ክሬዲት ይዞ መግባት የራሱ ጣጣም አለው። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን ለምሳሌ ለዲግሪ 180 ክሬዲት ይፈልጋል፤ 105 ላይ የደረሰ ተማሪ ሜጀሩን፣ ዋና የሚያጠናውን ትምህርት፣ እንዲለይ ይጠይቃል። 90 ይዞ የገባ የ18 ዓመት ልጅ ግቢውን ሳይለምድ ምረጥ ይባላል ማለት ነው። ቀድሞ ያወቀ ይጠቀማል። ያላወቀ ልጅ የሚያንገራግርበት ጊዜ አይኖረውም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ የሁላችንም ወላጆች የሚሸነፉት እዚያ ላይ ስለሆነ። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን ለግዛቱ ነዋሪ የትምህርት ክፍያው በዓመት ከ12 ሺህ ዶላር ይበልጣል። "ሁለት ዓመት በነፃ ተማረች ማለት ይህን ያህል ተረፈ" ብሎ ማሰብ ትክክል ይመስላል። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ቤተሰቦች ግን የፌደራሉ ፔል ግራንትና የዋሽንግተን ኮሌጅ ግራንት አሉ። የግዛቱ ግራንት ገቢው በጣም ዝቅ ላለ ቤተሰብ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሙሉውን የትምህርት ክፍያ ሊሸፍን ይችላል። ለእኔ የሆነው እንደዚያ ነው። ስለዚህ አባዬ ከኪሱ አይወጣም ብሎ የተደሰተበት ገንዘብ ራኒንግ ስታርት ብገባም ባልገባም ከኪሱ አይወጣም ነበር። መካከለኛ ገቢ ላለውና እርዳታው ለማይደርሰው ቤተሰብ ሒሳቡ ሌላ ነው፤ እሱ በእርግጥም ይተርፈዋል። ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት ልጃችሁ ምን ያህል እርዳታ ሊያገኝ እንደሚችል አስገምቱ። ጉዳያችሁ ገና ያላለቀ፣ በወረቀት ምክንያት ፋፍሳ የሚባለውን የፌደራል እርዳታ ማመልከቻ መሙላት የማትችሉ ቤተሰቦች ደግሞ ዋስፋ የሚባል የግዛቱ ማመልከቻ አላችሁ። ብዙ ሰው ይህን ባለማወቅ ልጁን "በነፃው ጊዜ ቶሎ ጨርሽ" እያለ ያጣድፋል።

ከዚያ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ማመልከቻ መጣ። ማመልከቻው የተማራችሁበትን ኮሌጅ ሁሉ ይጠይቃል፤ ሃይስኩል ሆናችሁ የወሰዳችሁትንም ጨምሮ። እያንዳንዱን ክላስ ከነውጤቱ በእጅ ማስገባት አለ። የ16 ዓመት ልጅ ሆኜ ያመጣኋትን 0.8 ቁጭ ብዬ ራሴው ጻፍኳት። ሜዲካል ስኩል የሚያመለክትም ይህን ይወቅ። እዚያ የተደገመ ክላስ የተሻለው ብቻ ሳይሆን ሁለቱም ውጤት ነው የሚሰላው። "ልጄ ዶክተር ትሆናለች" የምትሉ እናቶች ይህችን አንቀጽ ደግማችሁ አንብቡልኝ። ልጅቷ ለሐኪምነት የሚፈለገውን ኬሚስትሪና ባዮሎጂ በ16 ዓመቷ በጥድፊያ ከምትወስድ ታሪክና እንግሊዝኛ ብትጀምር ይሻላታል ባይ ነኝ።

ወንድሜ ከእኔ በስድስት ዓመት ያንሳል። የእሱ ተራ ሲደርስ ቤታችን ሌላ ቤት ሆኗል። እማዬ ራሷ "መጀመሪያ ምን እንደሚማር ይንገረን" አለች። ልጁ ኮምፒውተር ነው የሚወደው። ሒሳብ ያስፈልገዋል፣ ሌላው ብዙም አያስቸኩለውም። 11ኛ ክፍልን ሙሉ ሃይስኩሉ ውስጥ ቆየ። ሒሳቡን በኤፒ ወሰደ። ኤፒ እንግዲህ ክላሱ ሃይስኩል ውስጥ ሆኖ ፈተናው ሜይ ላይ የሚሰጥ፣ ውጤቱ ከ1 እስከ 5 የሆነ ነው። የዋሽንግተን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 3 እና ከዚያ በላይ ላመጣ ክሬዲት ይሰጣሉ። እኔ የምወድለት ነገር ግን ሌላ ነው። የፈተናው ቀን ቢበላሽ ውጤቱን ለዩኒቨርሲቲ አለመላክ ይቻላል። የክላሱ ውጤት ሃይስኩል ትራንስክሪፕት ላይ ይቀራል እንጂ የኮሌጅ መዝገብ አይከፈትባችሁም።

እንግሊዝኛውን ደግሞ ኮሌጅ ኢን ዘ ሃይስኩል በሚባለው ወሰደ። ይሄ የኮሌጅ ኮርሱን የሃይስኩሉ አስተማሪ እዚያው ክፍል ውስጥ የሚያስተምርበት ነው። ድሮ ይከፈልበት ነበር። በ2023 በወጣ ሕግ ክፍያው ቀረ። ልጁ አውቶቡስ አይጠብቅም፣ አስተማሪው ያውቀዋል፣ ዓመቱን ሙሉ ተረጋግቶ ይማራል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ ለኮሌጁ ክሬዲት ከተመዘገበ ይህም ቋሚ የኮሌጅ ውጤት ነው። መመዝገብ አለመመዝገብ ምርጫ ነው። ወንድሜ የመጀመሪያ ውጤቶቹን አይቶ ነው የተመዘገበው።

12ኛ ክፍል ላይ ሃይስኩሉ የማይሰጠውን ሒሳብ ብቻ ራኒንግ ስታርት ወሰደ፤ በኳርተር አንድ ክላስ። እማዬ ደግሞ ደንብ አወጣች። እሁድ ማታ ላፕቶፑን ይዞ መጥቶ ካንቫስን፣ የቤት ሥራና ውጤት የሚታይበትን ድረ ገጽ፣ ይከፍትላታል። እንግሊዝኛውን ሁሉ አታነበውም። ያልገባ የቤት ሥራ ላይ በቀይ የሚወጣውን ጽሑፍ ግን ታውቀዋለች። "ይሄ ቀዩ ምንድነው?" ትለዋለች። ይህ የእሁድ ምርመራ ከማንኛውም ምክር በላይ ሠርቷል። ልጁ ዩኒቨርሲቲ የገባው ከእኔ ያነሰ ክሬዲት ይዞ ነው። ሁሉም ግን ሥራ ላይ ውሎለታል።

ይህን ስል ራኒንግ ስታርት ይቅርባችሁ እያልኩ አይደለም። በጣም የሚጠቅማቸው ልጆች አሉ። ሃይስኩሉ የጠበባቸው፣ ክፍል ውስጥ በሚረብሹ ልጆች የተማረሩ፣ የኤፒ ክላስ የሌለበት ትምህርት ቤት ያሉ። ቴክኒካል ኮሌጅ ሄደው የእጅ ሙያ የሚማሩም አሉ፤ ያም በፕሮግራሙ ይሸፈናል። ሐበሻው ይህን ሲሰማ ፊቱን ያዞራል፤ እኔ ግን ከ90 የተበታተነ ክሬዲት ይልቅ እጁ ላይ ሙያ ያለው ልጅ ያስቀናኛል።

ልጁ ዝግጁ መሆኑን በምን እናውቃለን ለምትሉኝ፣ ውጤቱን ብቻ አትዩ። አስተማሪውን በራሱ ኢሜይል ጽፎ ጠይቆ ያውቃል? ሳይቀሰቀስ ይነሳል? የከበደው ነገር ሲኖር ይናገራል ወይስ ዝም ይላል? ዝም የሚል ጎበዝ ልጅ ከሚናገር መካከለኛ ልጅ የበለጠ ያሰጋኛል። አዲስ የመጡ ልጆችም እንግሊዝኛቸው ሃይስኩል ውስጥ ልዩ እርዳታ ያገኝ ከነበረ ያ እርዳታ ኮሌጅ ድረስ እንደማይከተላቸው ይወቁ። ለሌላ የትምህርት ችግር የተዘጋጀ አይኢፒ የሚባል የእርዳታ እቅድ ያለው ልጅም እንዲሁ፤ ኮሌጁ ላይ ራሱ ሄዶ ማመልከት አለበት።

ካውንስለር ጋር ስትሄዱ ከ10ኛ ክፍል አጋማሽ አትዘግዩ። "ጥሩ ነው ወይ?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ "አዎ" ነው የምትባሉት። ለሃይስኩል ምርቃት ከሚያስፈልገው 24 ክሬዲት የቀረው የትኛው እንደሆነ፣ ይህ የኮሌጅ ክላስ የትኛውን እንደሚተካ አስጽፉ። ከዚያ ልጁ ለሚያስበው ዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ላኩና ያንኑ ክላስ በምን እንደሚቆጥሩት ጠይቁ። መልሱን አስቀምጡት። በግዛቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዝውውሩ ቀላል ነው። ከግዛቱ ውጭና የግል ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ግን ለሃይስኩል ምርቃት የዋለ ክሬዲት አንቀበልም የሚሉ ብዙ አሉ። ክሬዲት መያዙ "ፍሬሽማን አይደለችም" ያሰኝባታል ብላችሁ የምትሰጉ ግን ተረጋጉ። ሃይስኩል ሳይጨረስ የተገኘ ክሬዲት ስለሆነ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተንን ለመሳሰሉት የምታመለክተው እንደ ፍሬሽማን ነው።

የ12ኛ ክፍል ስፕሪንግ ላይም ተጠንቀቁ። ኳርተሩ የሚያልቀው ጁን አጋማሽ ላይ ነው፤ ምርቃቱም እዚያው አካባቢ ነው። አንድ የማውቀው ልጅ አዳራሽ ተከራይተው፣ ኬክ ቆርሰው ሲያስመርቁት ዲፕሎማው ገና አልመጣም ነበር። የመጨረሻዋ ክላስ ወድቃበት በጋውን ተምሮ ጨረሰ። ለምርቃት የግድ የሚያስፈልገውን ክላስ ለመጨረሻው ኳርተር አታቆዩት።

መመላለሻው በራስ ነው ብያለሁ፤ ድሮ ወጪ ነበር። አሁን ሲያትል አካባቢ 18 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች አውቶቡስና ባቡር በነፃ ነው።

ሌላ ግዛት ያላችሁ፣ ስሙና ወጪው ይለያል እንጂ የምትጠይቁት ያው ነው። ሚኒሶታ ከ1985 ጀምሮ ፒኤስኢኦ የሚባል ተመሳሳይ ፕሮግራም አላት። እዚያ መጽሐፉም ጭምር ይሸፈናል፤ የእኔ የኮድ ጣጣ አይገጥማችሁም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ዱዋል ኢንሮልመንት ይሉታል። ሴሚስተር በሚጠቀሙ ኮሌጆች ጊዜው ትንሽ ይረዝማል፤ ትራንስክሪፕቱ ግን እዚያም ቋሚ ነው።

አሁን ኳርተሩ መሀል ላይ ሆኖ ውጤቱ እየወረደ ላለ ልጅ ደግሞ ይህን ልበል። ዛሬ ማታ የኮሌጁን የጊዜ ሰሌዳ ክፈትና ክላስ ጥሎ የመውጫውን ቀን ፈልግ። ነገ ፕሮፌሰሩን "እስከ መጨረሻው ሁሉንም ብሠራ ስንት ላመጣ እችላለሁ?" ብለህ ጠይቀው፤ በቁጥር ይነግርሃል። ቁጥሩ ከ2.0 በታች ከሆነ ጥለህ ከመውጣትህ በፊት ሃይስኩል ካውንስለርህን አነጋግር፤ ለምርቃት የምትፈልገው ክላስ ከሆነ የት እንደምትተካው አብራችሁ ታያላችሁ። ለቤተሰብህም ንገር። ይጮሁብሃል፣ ያልፋል። ወላጆችም ብትሆኑ የዚያን ቀን የእነ እገሌን ልጅ አታንሱበት።

ውጤቱ ከወጣ በኋላ ከሆነ ያነበባችሁት፣ ክላሱን ድገሙት፤ ያኔ ምን እንደጎደለ አውቃችሁ ነው የምትገቡት። የዩኒቨርሲቲም ሆነ የፋርማሲ ማመልከቻ ላይ ማብራሪያ የሚጻፍበት ቦታ አለ። እኔ ሦስት መስመር ነው የጻፍኩት፤ ምን እንደተፈጠረ፣ ምን እንደቀየርኩ፣ ስደግመው ስንት እንደመጣ። ለቅሶ አልጨመርኩበትም። ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ 0.8 የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።